ያውቁ ኖሯል? የአያቶች ማዕድ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንድ አያት ለምሳ ቢቀመጡ፣ ፊታቸው ከሚቀርበው ምግብ አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስኳር ድንቹ ከአሜሪካ አህጉር! በቆሎው ከዚያው! ቦሎቄውም ከዚያው! የዳጣው ቃሪያ ሳይቀር ከዚያው! ጎደሬው ደግሞ ከእስያ! የወላይታ ገበሬ ግን ሁሉንም የጓሮው ልጅ አድርጓቸዋል!

ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ብቻ እንግዳ አይደለም! የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። አላምዶ፣ ከጓሮው ተክሎ፣ ፍቆና አብላልቶ ለማዕድ ያበቃው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው! ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተሳሰረ ነው!

እንሰት የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ፍሬውን የሚበላው ግን የለም! የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው! በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦ ካፈራ በኋላ ይሞታል!

በወላይታ ገበሬዎች በስም ለይተው የሚያውቋቸው 67 የእንሰት ዓይነቶች ተመዝግበዋል! ስልሳ ሰባት! አንዱ ለአሚቾ፣ ማለትም ተቀቅሎ ለሚበላው ሥር፣ ይመረጣል፣ ሌላው ለቆጮ፣ ሌላው ለቃጫ። ለተሰበረ አጥንት መጠገኛ ተብሎ የሚበላ እንሰትም አለ! (አዛውንት ወድቀው ሲሰበሩ ግን እባክዎ ሐኪም ቤቱ ይቅደም!)

ቡላ እንዴት እንደሚገኝ አይተው ያውቃሉ? እናቶች እንሰቱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ይጨምቁታል። የተጨመቀው ውኃ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሲረጋ ከሥሩ ነጭ፣ ልስልስ ያለ ነገር ዘቅጦ ይገኛል። ላዩ ያለው ውኃ ይደፋል። የቀረው ቡላ ነው! ከአንድ ትልቅ እንሰት የሚገኘው ቡላ ከቆጮው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው ለታመመ፣ ለአራስና ለአዛውንት የሚቆጠበው!

የቡላ ገንፎ ደግሞ ጥርስ አይፈልግም! ምላስና ላንቃ ይበቁታል! በቅቤ ሲሆንማ እንኳን ለአዛውንት ለጎረምሳም አይመለስ!

አሁን ግን ልብ ይበሉ! መቶ ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 2 ግራም እንኳ አይሞላም! ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ጡንቻ ግን አይሠራም! መቶ ግራም ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ ደግሞ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለ! ከአሥር እጥፍ በላይ!

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ ያውቁ ኖሯል? ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል! አያትዎ ከወንበር ሲነሱ «እ...ፎይ» የሚሉት ለዚህ ነው!

ይህ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል! አዛውንት ከወጣት ያነሰ ምግብ ይበላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ፕሮቲን ግን ከወጣቱ ይበልጣል! ለወጣት በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ይበቃዋል። ለአዛውንት የሚመከረው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው! 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ሊያገኙ ይገባል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ። ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት! ሳህኑ ላይ ቆጮና ስኳር ድንች ብቻ ካለ በጭራሽ አይሞላም!

ሰው በ90 ዓመቱ መጠንከር ይችላል ቢባሉ ያምናሉ? እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 አዛውንት በእግራቸው ክብደት ማንሳት ጀመሩ። ስምንት ሳምንት ብቻ! የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ! ሁለቱማ ምርኩዛቸውን ጥለው ሄዱ!

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በ100 አዛውንት ላይ ተሞከረ። ተጨማሪ ምግብ አግኝተው ያልተንቀሳቀሱት ጉልበታቸው አልጨመረም! የተንቀሳቀሱት ግን ጠነከሩ! ማለዳ የእንሰት ጓሯቸውን የሚኮተኩቱ የዳሞታ እናት ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል!

ስኳር ድንች የድንች የቅርብ ዘመድ አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቤተሰባቸው የተለያየ ነው! ድንች ዘመዶቹ ቲማቲምና ቃሪያ ናቸው። የስኳር ድንች ዘመዶች ደግሞ በአጥር ላይ የሚሳቡት፣ ማለዳ የሚፈኩት ሐረግ አበቦች ናቸው!

በአረጋውያኗ ረጅም ዕድሜ የታወቀችው የጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት ሰዎች ለብዙ ዘመን ዋና ምግባቸው ምን ነበር? ስኳር ድንች! እ.ኤ.አ. በ1949 ከምግብ ከሚያገኙት ጉልበት ከሦስት ሁለቱ እጅ ገደማ ከስኳር ድንች ነበር! ወደ ደሴቷ የገባው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። የወላይታና የኦኪናዋ አያቶች ቢገናኙ ማዕዱ ባዕድ አይሆንባቸውም ነበር!

ታዲያ ኦኪናዋዎች ስኳር ድንቹን ብቻውን አይበሉትም ነበር! በአኩሪ አተር፣ በዓሣና በቅጠላ ቅጠል ያጅቡት ነበር። ምሥጢሩ አጃቢው ላይ ነው!

ውስጡ እንደ ካሮት ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች አይተዋል? ቀለሙ ለጌጥ አይደለም! ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ነጩ ስኳር ድንች ውስጥ የለም ማለት ይቻላል! አንድ መካከለኛ ብርቱካናማ ሥር የአንድ ትልቅ ሰው የቀን ድርሻ ይሸፍናል! ዓይንንም፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም የሚጠብቅ ነገር፣ ከአፈር ውስጥ ተቆፍሮ!

ብርቱካናማዎቹ ዝርያዎች ስማቸውም ያምራል! አንዱ «ኩልፎ» ነው፤ ኩልፎ አርባ ምንጭን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ስም ነው። ሌላው «ቱላ» ይባላል፤ በሐዋሳ አጠገብ ቱላ የምትባል ከተማ አለች! በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙት አራት ተመራማሪዎች ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ነው!

ይህን ስኳር ድንች በባዶው ከበሉት ግን ቫይታሚኑ በአብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል! ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም! ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበት። የወላይታ እናቶች «ቅቤ ያልነካው ምን ምግብ ነው?» ሲሉ ለካ ሳይንስ እየተናገሩ ነበር!

የስኳር ድንች ቅጠል እንደ ጎመን እንደሚበላስ? በእስያና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ወጥ ነው! በወላይታ ግን ቅጠሉ በአብዛኛው የበሬው ድርሻ ነው። አዎ፣ የዚያ የታወቀው የወላይታ ሰንጋ! ቤት ውስጥ ታስሮ በስኳር ድንች ሐረግና በእንሰት ቅጠል በእጅ እየጎረሰ የሚደልበው! በሬው ከባለቤቱ የተሻለ ቅጠል ይበላል ማለት ነው!

ስለ ዳጣ ካላወራን ወላይታን አላወራንም! ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ በድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ሲወጣ ሽታው ደጅ ድረስ ይጣራል! መቶ ግራም የሚያቃጥል ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለ! መቶ ግራም ብርቱካን ውስጥ 53 ገደማ ብቻ! አራት እጥፍ!

ቫይታሚን ሲ ደግሞ የቦሎቄውንና የጎመኑን ብረት ወደ ደም ያስገባል! ከቦሎቄው አጠገብ አንዲት ማንኪያ ዳጣ የምትቀመጠው ለጣዕም ብቻ አይደለም! (ደም ግፊት ያለባቸው አዛውንት የዳጣውን ጨው ይቀንሱ፤ ቃሪያውን ማንም አልከለከላቸውም!)

ዳጣ ሲበሉ ምላስዎ በእርግጥ አይቃጠልም! ይታለላል! የቃሪያው ንጥረ ነገር በነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ሙቀትን የሚለየውን ተቀባይ ይነካዋል፤ አንጎል «እሳት!» ብሎ ይጮኻል። ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስ ይህን ተቀባይ የደረሰበት በቃሪያው ንጥረ ነገር ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋራበት! ዶሮዎችን ግን ቃሪያ አያቃጥላቸውም! በደስታ ይለቅሙታል!

አባትዎ «የድሮ ወጥ ጣዕሙ የት ሄደ?» ካሉ አይቆጧቸው! ምላስ ላይ ያሉ የጣዕም ሕዋሳት በአሥር ቀን ገደማ ይታደሳሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ እድሳቱ ይቀንሳል። ማሽተት ደግሞ ከጣዕምም በላይ ይደክማል! ወጡ ያው ነው፤ አፍንጫቸው ነው የራቀው! ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ያን ጊዜ ከጨው ይበልጣሉ!

ወላይታ ቡናን በቅጠሉም እንደሚጠጣ ያውቁ ኖሯል? «ሃይታ ቱኬ» ይባላል! ሃይታ ቅጠል ነው፣ ቱኬ ቡና። የቡናው ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ይፈላል! በማለዳ ብርድ ጋቢ ለብሰው ከምድጃው አጠገብ ለተቀመጡ አዛውንት ይህ መጠጥም መድኃኒትም ነው! ማንጎ ውስጥ የሚገኘው ማንጂፈሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በቡና ቅጠል ውስጥ ሞልቷል፤ በፍሬው ግን እምብዛም!

ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ከምግቡ ብረት ከግማሽ በላዩን እንደሚያስቀር ሰምተዋል? ቡናም ከሲሶ በላዩን! በአንድ ጥናት፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ግን ምንም አላጎደለም! ከምግብ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ደግሞ እንደገና አጎደለ! ቡናው መቅደሙ ነው ልዩነቱ!

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውኃ ቢጎድለው እንኳ አንጎል «ጠማኝ» ማለቱን ይቀንሳል! አዛውንት ሳይጠማቸው ሊደርቁ ይችላሉ! ማዞሩ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ድንገት ግራ መጋባቱ ከውኃ ማጣት ሊመጣ ይችላል! «ጠማዎት ወይ?» ብለው አይጠይቋቸው! ቀድተው ይስጧቸው!

በደቡብ ደግሞ ምግብ የሆነ መጠጥ አለ! ቦርዴ! ከበቆሎና ከሌላ እህል ተብላልቶ፣ ወፍራም ሆኖ የሚቀርብ። አንድ ጣሳ ጠጥቶ እስከ ማታ እርሻ የሚውል ገበሬ ሞልቷል! ይጣፍጣል፣ ይሞላል፣ ግን በአንድ ሁለት ቀን ይበላሻል! ዛሬ የደረሰው ዛሬ ይጠጣል!

ቫይታሚን ቢ12 በቆጮ ውስጥ የለም! በስኳር ድንች የለም! በቦሎቄም የለም! በጎመንም የለም! ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ብቻ ነው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ዓይብ፣ እንቁላል፣ ዓሣ። ለትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ነው፤ በዓይን የማይታይ ቅንጣት! እሷ ስትጎድል እግር ይደነዝዛል፣ መርሳት ይመጣል፣ ደም ያንሳል!

ጉዱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው! ብዙ አዛውንት ሥጋ ቢበሉም ቢ12ቱ ወደ ደማቸው ላይገባ ይችላል! ከምግቡ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ በዕድሜ ይቀንሳል! ጉበት ያጠራቀመው ለዓመታት ስለሚበቃ ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል! «እርጅና ነው» ተብሎ የታለፈው ድንዛዜ አንዳንዴ በመርፌ የሚድን ጉድለት ነው! ይህን ስጽፍ ልቤ ይነካል፤ ስንቱ አባት «እርጅና ነው» ተብሎ ተትቷል!

የወላይታ ቁርጥ ዝናው አገር ያዳርሳል! ጥሬ ሥጋ የሚወዱ ሰዎች ግን ይህን ይስሙ፦ የኮሶ ትል ሰው ሆድ ውስጥ በርካታ ሜትር ይረዝማል! ለዓመታትም ይኖራል! በደንብ የበሰለ ሥጋ ላይ ግን ዕድሜ የለውም! ጥርሳቸው ላለቀ አባት ሥጋውን በቢላ አድቅቆ፣ በቅቤ ጠብሶ፣ ከዓይብ ጋር ማቅረብ ምን ይከብዳል? ቢ12ቱም ፕሮቲኑም ከሳህናቸው አይጎድልም!

ዓይብ ራሱ ድንቅ ነው! ጥርስ አይፈልግም፣ ጨጓራ አይከብድም፣ ፕሮቲኑም ሥጋ አያስመኝም! ከአሬራ የሚሠራ፣ ከቅቤ የተረፈ ምግብ! ቅቤው ወደ ገበያ ሄዶ እንኳ ዓይቡ ለአያት ቤት ይቀራል!

እስከ ወላይታ ሁምቦ ወረዳ የሚደርሰው የአባያ ሐይቅ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛው ትልቅ ሐይቅ ነው! ውኃው ቀላ ያለ ነው። ዓሣው ግን ነጭ፣ ልስልስ፣ በምላስ የሚፈርስ! እሾሁን ነቅሎ ላቀረበላቸው አዛውንት ከዓሣ የተሻለ ሥጋ የለም!

በቆላው ደግሞ ሽፈራው አለ! ዝናብ ሲጠፋ፣ ጎመን ሲደርቅ፣ እሱ ለምልሞ ይቆማል! ዛፍ ላይ የሚበቅል ጎመን ነው፤ ካልሲየሙ፣ ብረቱ፣ ፕሮቲኑ ከብዙ ቅጠላ ቅጠል ይልቃል!

በወላይትኛ «ቦይና» የሚባለው ጎደሬ ጥሬውን ቢቀመስ አፍ ያሳክካል! ለምን? ውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ! በደንብ ሲቀቀል ማሳከኩ ይጠፋል፤ ልስልስ፣ ለሆድ የሚመች ምግብ ይሆናል! የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ዝርያ «ቦሎሶ 1» ይባላል፤ ስሙ የቦሎሶን ምድር ያስታውሳል!

ፀሐይም ምግብ ናት! ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። የ70 ዓመት ሰው ቆዳ ግን በተመሳሳይ ፀሐይ ከ20 ዓመት ወጣት አንድ አራተኛውን ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው! አያትዎ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ «ይግቡ፣ ይግቡ» አይበሏቸው! አጥንታቸውን እየመገቡ ነው!

«አረንጓዴ ረሃብ» የሚባል ነገር እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ወላይታ አይታዋለች! ምድሩ ለምልሞ፣ ተራራው አረንጓዴ ለብሶ፣ ሰው ይራባል! መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ስኳር ድንቹ ሳይዝ ሲቀር ከመኸር በፊት ያሉት ወራት ይጨልማሉ። በእነዚያ ወራት ከራሳቸው ሳህን ቀንሰው ለልጅ ልጅ የሚያካፍሉት አያቶች ናቸው! «እኔ በልቻለሁ» ይላሉ! አልበሉም!

ቦሎቄ ተዘርቶ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል! እንሰት ግን ዓመታት ይጠይቃል! የ75 ዓመት አዛውንት ዛሬ የእንሰት ችግኝ ሲተክሉ ካዩ፣ ለማን እንደሚተክሉ መጠየቅ አያስፈልግዎትም! በድርቅ ዓመት ቤተሰቡን የሚያቆየው ያ ችግኝ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮም ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል!

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት በሚውለው እሑድ ይከበራል! ወንዶች ለሰንጋ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ! ያ ሁሉ ሳንቲም በአንድ ሳምንት ሙቹዋ ወደሚባለው በቅቤ የራሰ ምግብ፣ ወደ ሥጋ፣ ወደ ዳጣ ይለወጣል!

በብዙ ዓመታት የዓለም የአረጋውያን ቀን መስከረም 21 ላይ እንደሚውልስ? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የጊፋታ እሑድ ሲያልፍ የአረጋውያን ቀን ይገባል! ማንም አልተመካከረም፤ ግን እንዴት ተገጣጠመ!

ብቻውን የሚበላ ሰው ከሰው ጋር ከሚበላው ያነሰ እንደሚበላ ያውቁ ኖሯል? ያው ምግብ፣ ያው ሰው! ሰሃኑ ዙሪያ ሰው ሲኖር እጅ አይመለስም! ጊፋታ ላይ ሙቹዋው ትኩስ ነው፤ ቅቤው ገና አልረጋም። ጭማዎቹ፣ ማለትም ሽማግሌዎቹ፣ ከላይ ተቀምጠዋል። ትንሿ የልጅ ልጅ እጇን ታጥባ መጣች። በሦስት ጣቷ ጠቅለል አድርጋ ወደ አያቷ አፍ ዘረጋች። «በቃኝ» አሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛውም!